የአምስት መቶ ሜትሩ በግ

ጥርሴ ላይ ቀጭ አለብኝ።

አጥንት መስሎኝ በምላሴ ወደ ጉንጬ ገፋሁት። የሰው ቤት ነው፤ ያውም አማቶቼ ሊሆኑ በተሰናዱ ሰዎች ገበታ ላይ ነኝ። ስለዚህ አፌን የምጠርግ መስዬ በጨርቁ አወጣሁት። አጥንት አልነበረም። እንደ እንጉዳይ የተከፈተ እርሳስ ነው፤ በጎኑ የታጠፈች መዳብ ተጣብቃበታለች። የጥይት አረር።

ስሜ ኦርቴንሲያ ነው፤ አገር ሁሉ ግን ቴንቻ ይለኛል። በኡሬስ ከተማ የጠመንጃ ጠጋኙ የዶን ኤቫሪስቶ ልጅ ነኝ። የአባቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ በሱቃችን ጥይት የምሞላው እኔ ነኝ፤ ቀለሁን አጥባለሁ፣ ባሩዱን እመዝናለሁ፣ አረሩን ከላይ እተክላለሁ። እናም ስለ አረር ማንም አያስተምረኝም። ብረት የመታ አረር ፍርክስክስ ብሎ ይበተናል፤ ከብረት ዒላማው ኋላ ካለው አፈር ስንት ጊዜ ለቅሜዋለሁ። እንዲህ አብቦ የሚከፈተው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ያቺን መዳብ ደግሞ የመረጥኳት እኔ፣ በቀለሁ አፍ ላይ የተከልኳትም እኔ ነበርኩ።

የፍቅረኛዬ የሂልዳርዶ አባት ዶን ፕሉታርኮ ሬንቴሪያ ከገበታው ራስ ሆነው አዩኝ። ጢማቸው በበግ ጮማ ረጥቧል። አገኘችው፣ አገኘችው እያሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ደበደቡት። በዚያ ቤት ወግ ከሥጋው ውስጥ እርሳስ የወጣላት ያላገባች ሴት ዓመቱ ሳይወጣ ትዳራለች አሉ። አክስቶቹ አጨበጨቡ። አንዷማ አረሩን ከእጄ ነጥቃ በቀሚሷ ወልውላ፣ ዕድልሽ ነው ያዢው ብላ መልሳ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ቀና ብዬ ሂልዳርዶን አየሁት። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ ነበር። ዓይኔን ሲያይ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዓይን ስቀልጥ የኖርኩ ሰው፣ ያን ዕለት የታየኝ ከንፈሩ ላይ ያለው ቅባት ብቻ ነው። የምወደው ሰው ሲያኝክ ማየት አስጠላኝ፤ ይህ ይደርስብኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

* * *

ፍቅራችን የተጀመረው በጥይት ካርቶን ውስጥ ነው።

በእኛ አገር በሶኖራ እሑድ ሲመጣ ወንዱ ሁሉ ዒላማ ሜዳ ይወርዳል። የብረት ዶሮ በሁለት መቶ ሜትር፣ የብረት አሳማ በሦስት መቶ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ተርኪ ዶሮ፣ በመጨረሻ በአምስት መቶ ሜትር ላይ የብረት በግ ይቆማል። ተኳሹ ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ፣ አንዳች ነገር ሳይደገፍ ይተኩሳል። መምታት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ብረቱ ከመቆሚያው ካልወደቀ ባዶ ነው። በጉ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስንቱ ጥይት እዚያ እስኪደርስ ጉልበቱ ያልቅና ቋ አድርጎት ይቀራል። ሂልዳርዶ ወደ ሱቃችን የመጣው በጉ አልወድቅ ብሎት፣ ጓደኞቹ መሳቂያ አድርገውት ነው። አባዬ ከልጄ ጋር ተነጋገር ብሎ ወደ ኋላ ክፍል ላከው። ሴት ሆኜ ሲያገኘኝ ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ። በቃ፣ እኔ ያን ዕለት አለቀልኝ።

ለአንድ ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። አምስት አምስት እየሞላሁ፣ ከካርቶን ካርቶን ባሩዱን ግሬን በምንለው ደቃቅ ሚዛን ግማሽ ግማሽ እየጨመርኩ፣ በየካርቶኑ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ከትቼ እልክለታለሁ። እሱ ላ ቲናሃ በሚሉት የአባቱ የከብት ርቢ ቦታ ላይ ይተኩስና ውጤቱን በዚያችው ወረቀት ጽፎ ይመልሳል። መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ "ካርቶን ሰባት፦ ከአምስት አራት። የእጅ ጽሑፍሽ ግን ከአምስት አምስት" ብሎ ላከ። እኔም፣ "የሚወድቅ በግ እንጂ የጽሑፍ ዳኛ አልፈለግኩም" ብዬ መለስኩለት። እንዲህ እንዲህ እያልን ወረቀቷ ጠበበችን። በጀርባዋም በጠርዟም እየዞርን ጻፍን። እናቱ ዶኛ ኤዱቪሄስ "ያቺ ባሩድ ባሩድ የምትሸት" ነበር የሚሉኝ፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዳያመሽ ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከራሱ ይልቅ ጽሑፉን ለመድኩ። ወረቀቶቹን ለአባዬ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ የፍቅሩ ቃል ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ እዘላለሁ። እሱም ዓይኑ እንጂ ጆሮው አልደከመም፤ በሆዱ ይስቃል።

ጫፉ ለስላሳ የሆነውን አረር የመረጥኩለትም ያኔ ነው። ጫፈ ደረቁ ብረቱን ላጥ አድርጎ ይንሸራተታል፤ ለስላሳው ግን እዚያው ተደፍጥጦ ጉልበቱን ሁሉ ያራግፋል ብዬ አስረዳሁት። ስንት ወር የለፋሁበት ነገር ነው። በጉ መውደቅ ሲጀምር፣ ከአምስት አምስት ሲል፣ አባዬን አቅፌ ሱቁ ውስጥ ጨፈርኩ።

አባቱ በመጨረሻ ተሸነፉ። በሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ልጅቷ ከነአባቷ ላ ቲናሃ መጥታ ከእኛ ጋር ትብላ፤ ከተስማማችን በቀጣዩ እሑድ ቤቷ ሄደን እጇን እንጠይቃለን ብለው ላኩ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀሚስ ከጎረቤት ተዋስኩ። ጥፍሬ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

* * *

ከገበታው ተነሥተን ባካኖራ የሚሉትን አረቄያቸውን ሲቀዱ፣ ሂልዳርዶን በዓይኔ ጠርቼው ወደ ሜስኪቱ ዛፍ ጥላ ወሰድኩት። ያንን አስቀያሚ አረር በመዳፌ ዘርግቼ አሳየሁት። ቀደም ሲል፣ ብረቱ ሳይመጣ፣ ሽማግሎቹ እውነተኛ በግ አስረው ይተኩሱበት እንደነበር አገር ያውቃል። ግን የተኳሾቹ ክለብ ያንን ካስቀረው ሃያ ዓመት አለፈው፤ እኔም የቀረ መስሎኝ ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ቴንቻ፣ እኔ እኮ ጽፌልሻለሁ።"

"ምን ብለህ ጻፍክልኝ?"

"ካርቶን አሥራ አንድ ላይ። መታሁት፤ ወደቀ፤ ከዚያ ተነሣ፤ አልኩሽ።"

አስታወስኩት። ለአባዬ ሳነብለት ስቄ ነበር። ሠራተኞቹ ብረቱን አንሥተው መልሰው ማቆማቸውን በቀልድ የነገረኝ መስሎኝ ነበር። እኔም በቀልድ መልሼለታለሁ። መልሴን እሱ በቃሉ ይዞታል፤ እንደ ጸሎት ነው የደገመልኝ፤ "ከተነሣማ ግማሽ ግሬን እንጨምርለታለን፤ ሁለተኛ አይነሣም።"

"ያንን ሳነብ ነው የወደድኩሽ" አለኝ፣ እጄን ይዞ። "እህቶቼ ገና ከብት ሲጎተት ሲያዩ ጆሯቸውን ይይዛሉ። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ቀን ከጎተራው ኋላ ሄጄ አልቅሻለሁ። አንቺ ግን ምንም አልመሰለሽም። ከዚህች ሴት ጋር ይህን ቤት እችለዋለሁ አልኩ።"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሁለት ዓመት የተወደደችው ሴት እኔ አይደለሁም ማለት ነው። የተሰቃየ እንስሳ ላይ ባሩድ ጨምሩበት የምትል፣ አንጀት የሌላት አንዲት ሴት ናት፤ በእኔ የእጅ ጽሑፍ የምትጽፍ። በልቤ ካርቶኖቹን ቆጠርኩ። ከአምስት ሦስት ያለኝን። ከአምስት አራት ያለኝን። የቀረውስ አንዱ ምን ሆኖ ነው የቀረው? ከአምስት አምስት ሲለኝ ጨፍሬያለሁ እኮ። ቆዳዬ ራሱ አስጠላኝ፤ አውልቄ ብጥለው ደስ ባለኝ።

እሱን ግን፣ እጁ እጄ ላይ ሆኖ፣ ልጠላው አልቻልኩም። አልቅሻለሁ ያለው ነገር አንጀቴን በላው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። "ዛሬ አትተኩስ። አባትህ ጠመንጃውን ሲሰጡህ በሰው ፊት አልተኩስም በል። ያንን ካልክልኝ ያለፈውን አብረን እንቀብረዋለን፤ እስክናረጅ ለብረት በግ እሞላልሃለሁ።"

ግንባሬን ስሞ እሺ አለኝ። አመንኩት። ማመን ምን ያህል እንደሚያሞኝ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያንን ሁሉ አይቼ እንኳ ደስታ ተመልሶ ደረቴን ሞላው።

* * *

ወደ ሜዳው ወጣን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባዬን ደግፌ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ አስቀመጥኩት፤ እሱ እንኳን አምስት መቶ፣ አምሳ ሜትርም አያይም። በአቧራው ማዶ፣ አንድ አውራ በግ በእንጨት ላይ በአንድ እግሩ ታስሮ ቆሟል። ከዚህ ሲታይ ብረት ይመስላል። ቁጭ ብዬ በዓይነ ቁራኛ ሳየው ጭራውን ዝንብ ላይ ወነጨፈ።

ዶን ፕሉታርኮ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ፣ በአንድ እጃቸው ጠመንጃ ይዘው መጡ። ዛሬ የሚተኮሰው የምራቴ ጥይት ነው አሉ። ምራቴ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጠመንጃውን ለልጃቸው አቀበሉት።

ሂልዳርዶ እኔን አየኝ። አባቱን አየ። መልሶ እኔን አየኝ። አንዲት ቃል ነው የምጠብቀው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየሁ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አነሣና ተኮሰ።

ብረት ሲመታ ከማዶ ቋ የሚል ድምፅ ይመጣል። ይህኛው ርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲደበደብ የሚሰማው ዓይነት ነበር። በጉ በኋላ እግሮቹ ቁጭ አለ። በፊት እግሮቹ አፈሩን እየቧጠጠ ሊነሣ ይታገላል፤ ወገቡ አይታዘዝለትም። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ጩኸቱ ደረሰን። ከአክስቶቹ አንዷ ሳቀች። ዶን ፕሉታርኮ ልጃቸውን፣ ወገቡን መታኸው እኮ፣ ቀሚስ ላልብስህ? አሉት፤ የቆሙት ወንዶች ተንከተከቱ።

ሂልዳርዶ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ልስተው ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "ላንቺ ብዬ በጎኑ ላሳልፈው አስቤ ነበር።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳላስብ ነው ያደረግኩት። ጠመንጃውን ከእጁ ወሰድኩ። ቀለሁን አውጥቼ ሌላ ጥይት አጎረስኩ። የተዋስኩት ቀሚስ ትከሻው ጠባብ ነው፤ ክንዴን ሳነሣ ስፌቱ ተተረተረ። በጠመንጃው መነጽር ውስጥ በጉ ቅርብ ሆነ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጩኸቱ ግን ከአፉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ትንፋሼን አስወጣሁ፤ ቃታውን ሳብኩ።

በጉ ወደ ጎን ተኛ፤ አልተንቀሳቀሰም።

ጩኸት ቀለጠ። ቆቦች ወደ ላይ ተወረወሩ። ዶን ፕሉታርኮ እግሬ ከመሬት እስኪለቅ አቅፈው አነሡኝና በዚያ ቅባታም ጢም ግንባሬን ሳሙኝ፤ ከዚህ ቤት ወንዶች አንድ እንኳ እንዲህ የተኮሰ የለም፣ ይህች ናት የእኛ ልጅ አሉ። ዶኛ ኤዱቪሄስ፣ እኒያ ባሩድ ባሩድ ትሸታለች የሚሉኝ ሴትዮ፣ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ መጡ። ከጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻቸውን ፈትተው፣ እጄን ከፍተው አስጨበጡኝና "ልጄ" አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስመኝ ኖሬያለሁ። ለምኜ፣ ተስዬ፣ በሎሚ ተፈትጌ ያላገኘኋትን ቃል ያገኘኋት እንስሳ ገድዬ ነው። የእጃቸው ሙቀት ሲያርፍብኝ ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ።

* * *

ሂልዳርዶ ፒክአፓችን ድረስ ተከተለኝ። አባዬ ገብቶ ተቀምጧል፤ መስኮቱ ዝግ ነው። ሂልዳርዶ ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር።

"አሁን እኮ ተቀበሉሽ" አለኝ። "እናቴ ለሰው ጉትቻ ስትሰጥ አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህ ምን ቀረን?"

ጉትቻውን በእጁ ላይ አኖርኩት። "እሑድ እንዳትመጡ።"

"ቴንቻ፣ ምን አጠፋሁ? አልተኩስም ብል አባቴ ዕድሜ ልኬን ያዋርደኛል፤ ብገድለው አንቺ ትሄጃለሽ። መሃሉን ያዝኩ።"

"መሃሉ እኮ የበጉ ወገብ ነው" አልኩት። "ብትገድለው ጭካኔ እለው ነበር፤ ጨካኝ ሰው ይመለሳል ይባላል። አንተ ግን ለእኔም ለአባትህም ልትሆን ብለህ አንድ ፍጡር በሁለት እግሩ ሲድህ ቆመህ አየህ። እኔንም አንድ ቀን መሃል ላይ ትመታኛለህ፣ ሂልዳርዶ። ላንቺ ብዬ ነው ትለኛለህ።"

አለቀሰ። ሲያለቅስ እንደ ሕፃን ከንፈሩ ይገለበጣል፤ ያንን እወድለት ነበር። አሁንም እጄ ተነሥታ ዕንባውን ልትጠርግለት ሄደች። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ እንኳ ልቤ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ከእሱ ይልቅ እኔው ራሴን ተጸየፍኩት። እጄን መልሼ የመኪናውን በር ከፈትኩ።

ላ ቲናሃን ወጥተን የጠጠሩን መንገድ እስክንይዝ አልተነጋገርንም። አባዬ ጭብጨባውን ሰምቷል፤ ፊቱ በርቷል። መቼ ይመጣሉ? አለኝ። እንደማይመጡ፣ ለምን እንደማይመጡም ነገርኩት። ዝም አለ። ዝምታው ግን የተገረመ ሰው ዝምታ አልነበረም።

"አባዬ፣ ታውቅ ነበር?"

"ወረቀቶቹን ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ" አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። "ብረት ወድቆ እንደማይነሣ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ ልጄ። ከጠፋ በኋላ ማን ጋ እንደምትቀሪ ሳስብ ነበር። ደግሞ በግ ነው እኮ፤ እኛም በጊዜያችን ተኩሰናል።"

መሪውን አጥብቄ ጨበጥኩ። ልጮኽበት ፈለግኩ፤ ሽማግሌ ነው፣ አባቴ ነው፣ ለእኔ ፈርቶ ነው። ሁሉም ለእኔ ነው ያደረጉት። አንዱ ላንቺ ብዬ ሳትኩ ይላል፤ አንዱ ላንቺ ብዬ ዝም አልኩ። ከሁለቱም ፍቅር ያ የበግ ጮማ ይሸተኝ ጀመር።

ከተማው ሊታይ ሲል አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ አባት ሳይሆን፣ የኋላ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደምንሠራው፣ እንደ ባለሙያ ነበር የጠየቀኝ።

"ለመሆኑ የአንቺው ጥይት እንዴት ሄደ?"

"ቀጥ ብሎ" አልኩት። "ካነጣጠርኩበት ቦታ አንዲት ጣት አልዘለለም።"

ድምፄን ሰማሁት። ኩራት ነበረበት። አባዬም ሰምቶት በጨለመ ዓይኑ ፈገግ አለ። መኪናውን ዳር አስይዤ ወረድኩና፣ በዚያ ገበታ ላይ የበላሁትን ሁሉ ጉልበቴን ይዤ አስመለስኩ። ሥጋው ወጣ፣ ባካኖራው ወጣ፣ ሐሞቴም ወጣ። ኩራቱ ግን አልወጣም።